የስደተኞቹን ታንከኛ ብርጌድ ፍለጋ፦ አራት ቀን በደንከርክ ዙሪያ

ሚያዝያ 29፤ ከብራሰልስ ወደ ደንከርክ

ከብራሰልስ እስከ ደ ፓነ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ትኬቱ ወደ 20 ዩሮ ነው። ሐዲዱ እዚያው ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ፈረንሳይ ነው። ከጣቢያው ደጅ ድንበር የሚሻገረውን አውቶቡስ ተሳፍሬ ሳንቲም ስቆጥር ሹፌሩ በእጁ "ግቢ፣ ግቢ" አለኝ። ለካ የደንከርክ አካባቢ አውቶቡስ ከ2018 ጀምሮ ለማንም ነጻ ነው። (የጉዞዬ ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ በታሪኩ ውስጥ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ግን በእኛ ብዬ ካልለየሁ በቀር የፈረንጅ ናቸው።) ብራሰልስ አውቶቡስ በተሳፈርኩ ቁጥር የምከፍለውን አስቤ ቀናሁባቸው።

ወደዚህ ያመጣኝ አንድ ብርጌድ ነው። አባቴ በምሥራቅ ጦር ግንባር ታንክ ነጂ ነበር። ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወራም፤ ስለ ታንኩ ግን ሳይጠየቅም ያወራል። ሰንሰለቱ ሲላላ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ክረምት ላይ የትኛው አፈር እንደሚከዳ፣ ቀን ሲጠብሰው የዋለ ብረት ሌሊት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፤ ይህን ስሰማ ነው ያደግኩት። ብራሰልስ ከመጣሁ በኋላ ስለ ቼኮስሎቫክ ታንከኞች አንድ ቀን አንብቤ በስልክ ብነግረው "እና አገራቸው ገቡ?" አለኝ። ያን ጥያቄ ይዤ ነው የተነሳሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሂትለር ጦር መጋቢት 1939 ፕራግ ሲገባ ጥቂት የማይባሉ ወታደሮች በፖላንድ በኩል ሾልከው ወጡ። ፈረንሳይ ገብተው ተዋጉ፤ ፈረንሳይ በ1940 ስትወድቅ 4000 ያህሉ እንግሊዝ ደረሱ። ሌሎቹ በመካከለኛው ምሥራቅ ተሰባስበው በ1941 ሊቢያ ውስጥ ጦብሩክ ላይ በምሽግ ተዋግተዋል፤ እነሱም ኋላ እንግሊዝ ካሉት ጋር ተቀላቀሉ። ግንቦት 1942 ፕራግ ውስጥ የናዚውን ገዥ ሃይድሪክን የጣሉት ሁለቱ ፓራሹተኞች፣ ገብቺክና ኩቢሽ፣ የወጡት ከዚሁ እንግሊዝ ከሰፈረው ጦር ነው። መስከረም 1 ቀን 1943 ጦሩ ታንክ ታጠቀና ነጻ ብረት ለበስ ብርጌድ ተባለ። አዛዡ ጄኔራል አሎይስ ሊሽካ ነበር። የብርጌዱ ዕድሜ ሃያ ወር ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ሰባቱን ወር ያሳለፈው አንድ ከተማ ከቦ ነው፤ ከተማው ደግሞ የሰው አገር ነው።

እኛ ዘንድ የቼክ ወታደር ሲባል ቶሎ የሚታወሰው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ ካሣ ጦር ጋር የዘመተው አዶልፍ ፓርለሳክ ነው። እሱ የእኛን ስደት ሲጀመር አይቷል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ስደቱ ለአገሩ ልጆች ደረሰ።

ያረፍኩት በብራሰልስ ቤተ ክርስቲያናችን በኩል ከተዋወቅኋቸው አንዲት የደሴ ሴት ቤት ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። በር ላይ ሻንጣዬን ተቀብለው "በዚህ ንፋስ ሰው ለታሪክ ብሎ ይመጣል?" አሉኝ፤ ወዲያው ግን ሽሮ ፈልቶ ነበር የጠበቀኝ። እንጀራው ከሩዝና ከስንዴ ዱቄት የተጋገረ ነው። ጤፍ ሲያምራቸው ሊል ከተማ ድረስ ይሄዳሉ። መስኮታቸው ላይ በቆርቆሮ የተከሉት ጤና አዳም የሰሜን ባሕርን ንፋስ ችሎ ቆሟል።

ማታ ወደ መሀል ከተማ ወጣሁ። ደንከርክ በ1940 ተደብድባ አብዛኛው ቤቷ የፈረሰ ከተማ ናት፤ ዛሬ የሚታየው በጡብ የተሠራ የድኅረ ጦርነት ግንባታ ነው። የባሕር ጀግናቸው የዣን ባር ሐውልት ግን ያ ሁሉ ሲወድም ሰይፉን እንዳነሳ ተርፏል። የቅዱስ ኤልዋ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊቱ በጥይትና በፍንጣሪ የተቦረቦረ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ጣቴን ብከት እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ።

ሚያዝያ 30፤ ጊቬልድና ሌ ሞዌር

በፈረንሳይ ይህ ቀን የድል በዓል ነው፤ ሥራ የለም፣ ሱቅ ዝግ ነው። በሦስት ቀን ልዩነት ከእኛው የሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ጋር ይጎራበታል። የማለፍባት መንደር ሁሉ ከንቲባዋ ባለሦስት ቀለሙን መቀነት ታጥቆ ሐውልት ሥር አበባ ሲያስቀምጥ አየሁ።

አውቶቡሱ ጊቬልድ አውርዶኝ ሄደ። የመመለሻውን ሰዓት ያየሁት በአዘቦት ቀን ሰሌዳ ላይ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። መንገዴ ወደ ደቡብ፣ ሌ ሞዌር ወደሚባለው ሜዳ ነበር። ይህ ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ነው። ሐይቅ ነበር፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቦይ ቆፍረው በነፋስ ወፍጮ ውሃውን አወጡና እርሻ አደረጉት። አሁን ድንችና ስኳር የሚወጣበት ቀይ ሥር መሰል ተክል ይዘሩበታል። እንደ ፎገራ ሜዳ ዓይን እስኪደክም ዝርግ ነው፤ ልዩነቱ ከብት አይታይም፣ ዳሩንም የሚከልል ተራራ የለውም።

ጀርመኖች ደንከርክን ምሽግ ሲያደርጉ ይህን ሁሉ በውሃ አጥለቀለቁት። ከተማው ውስጥ በአድሚራል ፍሪድሪሽ ፍሪዚዩስ የሚታዘዝ ከ10000 በላይ ጦር ነበራቸው። የእንግሊዙ አዛዥ ሞንትጎመሪ ደግሞ ያኔ የሚፈልገው አንትወርፕ የተባለውን ትልቅ ወደብ ነበር፤ ለደንከርክ ሰውና ጊዜ ማባከን አልፈለገም። ከተማዋ ትከበብ፣ አትጠቃ ተባለ። በጥቅምት 1944 መጀመሪያ ለጥቂት ቀን ተኩስ ቆሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች እንዲወጡ ተደረገ፤ ወዲያው ከስኮትላንዳውያን ወታደሮች ላይ ከበባውን የተረከበው ይህ ከ4000 ብዙ የማይበልጥ ብርጌድ ነው። ከቦ የያዘው ከተከበበው በቁጥር ከግማሽ በታች ነበር ማለት ነው።

እርሻው ዳር ባለው ጠባብ መንገድ ስሄድ ትራክተር መጣብኝ። ላሳልፈው ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ማሳው ገባሁ። ሌሊት ዘንቦ ነበር። ቀኝ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጠ፤ ሳወጣው ጫማዬ እዚያው ቀረ። አፈሩ ግራጫ ነው፤ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ገበሬው ትራክተሩን አቁሞ ወረደና ጫማዬን በሁለት እጁ ነቅሎ አወጣልኝ። ከዚያ በጣቱ ወደ ቦዩ አሳየኝና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ውሃው እስከዚህ" አለኝ፤ ከአያቱ የሰማው ነው።

እዚያው የቦዩ ድልድይ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እየፋቅሁ አዲስ አበባ ደወልኩ።

"አባዬ፣ እዚህ መሬት ላይ ታንክ ይሄዳል?"

"ምን ዓይነት ታንክ?"

"ክሮምዌል። 28 ቶን ገደማ።"

ዝም አለ። ሲያስብ ነው። "መንገዱን ይዞ ከሆነ ይሄዳል። ከመንገድ ከወጣ ሆዱ መሬት ላይ ይቀመጥና ሰንሰለቱ በባዶ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ያ ታንክ መድፍ ነው፤ ቆሞ ይተኩሳል እንጂ አይዋጋም።"

የሆነውም ይኸው ነው። ለፈጣን ግስጋሴ የተሠሩት ክሮምዌሎችና ቀላሎቹ ስቱዋርቶች ብዙውን ጊዜ እንደ መድፈኛ ቆመው ከተማውን ሲደበድቡ ከረሙ። ብርጌዱ የነበረው አንድ የሞተረኛ እግረኛ ሻለቃ ብቻ ስለሆነ ታንከኞቹ በተራ ከታንካቸው እየወረዱ ጠመንጃ ይዘው ምሽግ ገቡ። አባቴ ይህን ስነግረው ያልጠበቅሁት ቁጣ ነው የተቆጣው። "ታንከኛን ከታንኩ አውርደህ ምሽግ ማስገባት! እኛም ላይ ተደርጓል" አለ፤ የትና መቼ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ጥቅምት 28 የቼኮስሎቫክ ነጻነት ቀን ነው፤ አገሪቱ በ1918 የቆመችበት። በዚያው ቀን በ1944 ብርጌዱ ከከተማው በስተምሥራቅ በኩል በድንገት ወጋና ከ300 በላይ ምርኮኛ ይዞ ተመለሰ። ኅዳር 5 ግን እንደገና ሲሞክሩ ጀርመኖቹ ነቅተው ጠበቁ፤ ብዙ ሰው ወደቀ። ለሌላው ጦር የሞተውን የሚተካ ሰው ከአገሩ ይመጣለታል። ለእነሱ አገራቸው በጠላት እጅ ስለሆነ አንድ ሰው ሲጎድል ጎደለ ነው። ከየት አመጡ? በጀርመን ጦር ውስጥ በግድ ተመልምለው ኖርማንዲ ላይ ከተማረኩ የአገራቸው ልጆች። እነዚህ ከምርኮ ካምፕ ወጥተው የብርጌዱን ልብስ ለበሱ፤ ብዙዎቹ አገር ቤት ያለው ቤተሰባቸው እንዳይጠቃ ሌላ ስም ይዘው ነበር። በውሸት ስም ለእውነተኛ አገር መሞት! ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አውቶቡሱ በበዓሉ ምክንያት አልመጣም። በእርጥብ ጫማ፣ በዚያ ንፋስ፣ ከሰባት ኪሎ ሜትር በላይ በእግሬ ሄጄ ነው ወደ ከተማው የሚወስድ ሌላ አውቶቡስ ያገኘሁት። ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ጫማቸው ከእኔ የባሰ ነው። አንደኛው ጫማዬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ከዚያ "እህቴ፣ ሐበሻ ነሽ?" አለኝ። ከከተማው በምዕራብ በኩል ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ በጀልባ ወደ እንግሊዝ ለመሻገር ይጠብቃሉ። ዕድሜውን አልጠየቅሁትም፤ ጢም አላወጣም።

"አንቺስ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"የድሮ ጦር ታሪክ እያየሁ ነው።"

"የፈረንሳይ?"

"የስደተኞች ጦር። ከእንግሊዝ ወደዚህ የመጡ።"

ወደ ጓደኛው ዞሮ ነገረውና ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ መስኮቱን አዩ። ከዚያ ስልኬን ጠቁሞ "የነገውን ንፋስ ታይልኛለሽ?" አለኝ። አየሁለት። ነገ ብርቱ ነው፤ ከነገ ወዲያ ይረግባል ይላል። "ከነገ ወዲያ" አለ ለራሱ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ዳቦና አይብ ሰጠኋቸው፤ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም ብለው ተቀበሉኝ።

ግንቦት 1፤ ቤርግና ቮርሙ

ልደታ። እትዬ ገና ሳይነጋ ሽምብራና ስንዴ ለንፍሮ ዘፍዝፈው ነበር። "ማታ ሳትደርሺ እንዳትቀሪ፤ ደጅ ነው የሚበላው" ብለው አስጠነቀቁኝ።

ከደንከርክ ቤርግ በባቡር አሥር ደቂቃ አይሞላም። በግንብና በውሃ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከሐረር ጀጎል ጋር አስተያየኋት። ግንቧን በዙሪያዋ ዞሬ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ረጅሙን የደወል ማማዋን ጀርመኖች መስከረም 1944 ሲለቁ በድማሚት አፈረሱት፤ ዛሬ የቆመው በ1961 ተሠርቶ ያለቀ ነው። ምሳ ፖትየቭሌሽ የሚባለውን የአገሩን ምግብ አዘዝኩ፤ 16 ዩሮ። ቀዝቃዛ ሥጋ ነው፣ በራሱ መረቅ ረግቶ እንደ ጄላቲን ሆኖ ከድንች ጥብስ ጋር ይቀርባል። ምን ምን ሥጋ እንዳለበት ስጠይቅ ዶሮ፣ ጥጃ፣ ጥንቸልና አሳማ አለችኝ። መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። አስተናጋጇ ፊቴን አይታ ሳህኑን አነሳችና ሳልጠይቃት በቢራ የበሰለ የበሬ ሥጋ አመጣችልኝ፤ ልዩነቱንም አላስከፈለችኝም። ሥጋው ጥቁር ሆኖ፣ ሽንኩርቱ ቀልጦ፣ ቁሌት የበዛበት ወጥ ይመስላል። የጎደለው በርበሬ ብቻ ነው።

ከዚያ እስከ ኤስከልቤክ በባቡር፣ ከኤስከልቤክ ቮርሙ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል በእግር። በመካከሉ ግንቦት 1940 የናዚ ኤስኤስ ወታደሮች እጃቸውን የሰጡ የእንግሊዝ ወታደሮችን በአንድ በረት ውስጥ አጉረው የፈጁበት ቦታ አለ፤ ሰማንያ ያህል ሰው። በረቱን እንደነበረው አድርገው መልሰው ሠርተውታል። ገባሁ፤ ብዙ መቆየት አልቻልኩም።

ቮርሙ የብርጌዱ መምሪያ የነበረበት ነው። አደባባዩ ሰፊ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ፣ ካፌው ውስጥ አራት ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ። ቡና 2 ዩሮ። ተቀምጬ ሰዓቴን አየሁ። ግንቦት 9 ቀን 1945፣ በእኛ ግንቦት 1 ቀን 1937፣ በዚሁ በልደታ ዕለት ነው የደንከርክ ጀርመኖች ለጄኔራል ሊሽካ እጃቸውን የሰጡት። በርሊን ወድቃ፣ ሂትለር ሞቶ፣ አውሮፓ በደስታ ሲጨፍር ደንከርክ ገና ተከባ ነበር። አገሩን ያጣ ጄኔራል፣ አገሩን ከቀማው ጦር አንድ ሙሉ ምሽግ በእጁ ገባለት። ያን ዕለት ሊሽካ ምን እንደተሰማው ሳስብ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ግን አባቴ የጠየቀኝ ይህን አልነበረም። አገራቸው ገቡ ወይ ነው ያለው። ሚያዝያ 1945 መጨረሻ ላይ ብርጌዱ ከደንከርክ መልቀቅ ስላልተፈቀደለት 140 ያህል ሰው ብቻ መርጦ ከአሜሪካ ጦር ጋር ላከ። እነዚህ ግንቦት 1 ቀን 1945 ኼብ በተባለችው የድንበር ከተማ ባንዲራቸውን ሰቀሉ። የቀሩት ታንኮቻቸውን ይዘው ጭቃው ላይ ነበሩ። ከተማው እጅ ከሰጠ በኋላ ነው ነቅለው ጀርመንን ያቋረጡት፤ ግንቦት ሳያልቅ ፕራግ ገቡ። ያኔ ነጻ የሚወጣ ነገር አልቀረም፤ ፕራግ የገባው የሶቪየት ጦር ነበር። ከአይሁድ ወገን የነበሩት ብዙ ወታደሮች ደጃቸውን ሲያንኳኩ የሚከፍትላቸው ዘመድ አላገኙም። በ1948 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ ደግሞ "የምዕራብ ወታደር" መሆን ራሱ ጥፋት ሆነ፤ ከሠራዊቱ የተባረሩ አሉ፣ የታሰሩ አሉ። ሊሽካ እንደገና ተሰደደ። በ1977 ለንደን ውስጥ ሞተ።

በዚህ ነገር ሁልጊዜ የምናደደው የደንከርኩን ከበባ "ዳር የቀረ ግዳጅ" እያሉ የሚያልፉት ሲበዙ ነው። ከበባው ባይኖር ያ ከ10000 በላይ ጦር ወጥቶ የአንትወርፕን መንገድ ባወከ ነበር። ሰባት ወር ጭቃ ውስጥ የቆመ ሰው ሥራ ሠርቷል።

ማታ ስደርስ እትዬ ከበራቸው ደጅ ሰሌን አንጥፈው፣ ቄጠማ ባይገኝ ከባሕሩ ዳር የነቀሉትን ሣር ጎዝጉዘው ንፍሮውን በሰፌድ አቅርበው ነበር። ንፋሱ ሣሩን እያነሳ ይወስደዋል፤ እሳቸው ድንጋይ ይጭኑበታል። ጎረቤታቸው ፈረንሳዊት ምን እንደሆነ ጠየቀች። "የማርያም ልደት" አሏት በፈረንሳይኛ፤ አንድ እፍኝ ዘገኑላት። ቆማ በላች። ከዚያ ወንበር ይዛ ተመለሰች።

ግንቦት 2፤ ላ ታርጌት

እስከ አራስ ድረስ በባቡር፣ ከአራስ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል በታክሲ፤ 27 ዩሮ ከፈልኩ፤ ለዚህ ጉዞ ከከፈልኩት ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ኔቪል ሴን ቫስት መንደር አጠገብ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር የቼኮስሎቫኮች መቃብር አለ። መኪና በፍጥነት ያልፍበታል፤ የማያውቅ ሰው አያየውም።

መቃብሩ የሁለት ትውልድ ነው። መጀመሪያ የተቀበሩት በአንደኛው ጦርነት በፈቃዳቸው ከፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን ጋር የዘመቱት የናዝዳር ሻምበል ልጆች ናቸው። ያኔ አገራቸው ገና በካርታ ላይ አልነበረችም። በዚህ ሜዳ የተማገዱት ግንቦት 9 ቀን 1915 ነው። ሠላሳ ዓመት ሞልቶ፣ በዚያችው ቀን፣ ልጆቻቸው ሊሆኑ የሚችሉት ደንከርክን ተረከቡ። በሁለተኛው ጦርነት ፈረንሳይ ምድር ከወደቁትም የተወሰኑት መጥተው ከእነሱ ጎን አርፈዋል።

ሣሩ በቅርቡ ታጭዷል፤ ሽታው አለ። ከመግቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ እትዬ በወረቀት የጠቀለሉልኝን የትናንቱን ንፍሮ አወጣሁ። ለአባቴ ፎቶ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

"አየሁት። ስማቸው ይነበባል?"

"ይነበባል። በቼክኛ ነው ግን።"

"አንብቢልኝ።"

አንዳንዱ ስም ላይ አናባቢ የሌለ ይመስላል፤ እንደመጣልኝ አነበብኩለት። እያንዳንዱን ስም ስጨርስ እንደ ጥሪ መዝገብ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ "ቀጥይ" ይለኛል። ታክሲው መጥቶ ጥሩምባ እስኪነፋ አሥራ አንድ ስም ደርሰን ነበር።